እርሳስ ማቅለጥ፤ ጓንቱ ለአቅላጩ፣ አቧራውስ ለማን?

በአማርኛችን «እርሳስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንዱ የምንጽፍበት ነው። ሌላው ከባዱ፣ ግራጫውና በቀላሉ የሚቀልጠው ብረት ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ስለሆነ ከብረቱ ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም። ብረቱ ግን ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ለረጅም ዘመን ጋዜጣ ይታተም የነበረው ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ቅይጥ በተሠራ ፊደል ነው። ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ግን የማተሚያ ቤቱን ሳይሆን የዓሣ አጥማጁን እርሳስ ነው።

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አጎቴ መተዳደሪያቸው ሌላ ቢሆንም ዓሣ ማጥመድ ይወዳሉ። ለመንጠቆ የሚሆነውን ክብደት ከመግዛት ራሳቸው ይሠሩታል። ከቆራሌው የገዙትን የእርሳስ ቁርጥራጭ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ይጨምሩና ከኩሽናው ጀርባ ከሰል ምድጃ ላይ ይጥዱታል። ሲቀልጥ ፎርማ ውስጥ ያፈሱታል። ልጅ ሳለሁ ፎርማውን በፒንሳ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ፤ ኩራትም ይሰማኝ ነበር። በዚያን ቀን ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ነገር ላይ ነው። የሦስት ዓመቷ ልጃቸው እሳቱ ከጠፋ በኋላ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ የወዳደቁትን የሚያብረቀርቁ ፍንጣሪዎች ትለቅማለች። አንዷን አፏ ውስጥ አገኘናት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እኮ ለልጅ መርዝ ነው» ስላቸው ሳቁ። «ሃያ ዓመት ስሠራው ምን ሆንኩ? እንዳያቃጥለኝ ጓንት አለኝ፣ ስጨርስም ወተት እጠጣለሁ» አሉኝ።

መልሳቸው ሦስት ነገር ይዟል። «ምንም አልሆንኩም»፣ «ጓንት አለኝ»፣ «ወተት እጠጣለሁ»። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ ማየትና እርሳስ የግድ ይቅለጥ ከተባለ እንዴት መቅለጥ እንዳለበት ማሳየት ነው።

ለምን እርሳስ ተመረጠ?

ዓሣ አጥማጅ መንጠቆውን ወይም መረቡን ወደ ታች የሚያወርድለት ክብደት ያስፈልገዋል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ያንኑ የሚያህል ብረት ግን 7.9 ግራም አይሞላም። ስለዚህ ትንሽ እርሳስ ብዙ ይሠራል። ሁለተኛው ምክንያት የሚቀልጥበት ሙቀት ነው። ብረት ለመቅለጥ 1,538 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲፈልግ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ይህን ደግሞ ማንኛውም የከሰል ምድጃ ይሰጣል።

በአሜሪካና በአውሮፓ በዘንግ የሚያጠምዱ ሰዎች «ጂግ» የሚሉትን በብዛት ይጠቀማሉ። ጂግ ማለት አንገቱ ላይ የእርሳስ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ነው። መንጠቆው ከሁለት በሚከፈል የአሉሚኒየም ፎርማ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፎርማው ይዘጋል፣ የቀለጠው እርሳስ ከላይ ባለው ቀዳዳ ይፈስሳል። በጥቂት ሰከንድ ይረጋል። ከዚያ ተከፍቶ ትርፉ ይቆረጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ዓሣውን እንዲያታልል ላባ ወይም ጎማ ይታሰርበታል። የአጎቴ ሥራም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ የሳቸው ላባ የለውም እንጂ።

«ምንም አልሆንኩም»

የቀለጠ እርሳስ ያቃጥላል፤ ይህን የማያውቅ የለም። የማናየው ጉዳት ግን ሌላ ነው። እርሳስ ሲሞቅ ከአየር ጋር ተዋህዶ ከላይ ግራጫና ቢጫ ቅርፊት ይሠራል። ይህ ቅርፊት ሲገፈፍና ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል። እሳቱ በርትቶ ሙቀቱ ወደ 500 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ትነቱ በጣም ይጨምራል፤ በአየር ላይ ቀዝቅዞ ወደ ረቂቅ ብናኝ ይለወጣል። የተራገበ ከሰል ከዚህ በላይ መሞቅ ስለሚችል ጣሳ በከሰል ላይ ጥዶ ሙቀቱን መቆጣጠር አይቻልም። ብናኙ ልብስ ላይ፣ ፀጉር ላይ፣ መሬት ላይ ያርፋል። እርሳስ ደግሞ አይበሰብስም፤ ዓመት ቢቆይም እዚያው ነው።

ወደ ሰውነት የሚገባው በትንፋሽና በአፍ ነው። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ውስጥ ወደ ደማቸው የሚገባው መጠን ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ በመሬት ይድሃሉ፣ እጃቸውን ይልሳሉ። አእምሯቸው ገና እያደገ ስለሆነ ጉዳቱ የመማር ችሎታቸውንና ባህሪያቸውን ይነካል፤ ያ ጉዳት ደግሞ በአብዛኛው አይመለስም። በአዋቂ ላይ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ጉዳት፣ የደም ማነስና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። እርሳስ አጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይከማቻል። ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያደርስ የተረጋገጠ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያም በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ አሳስቧል።

ስለዚህ «ምንም አልሆንኩም» ማለት «አልተመረመርኩም» ማለት ብቻ ነው። ዝቅተኛው መመረዝ ሰውን አልጋ ላይ አይጥልም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ ትምህርት ቢከብዳት ማን ከምድጃው ጋር ያያይዘዋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄ ነው።

ከዳካር የምንማረው

ነገሩ ማስፈራሪያ እንዳይመስል አንድ እውነተኛ ታሪክ ላንሳ። ቲያሮይ ሱር ሜር በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ጫፍ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የአካባቢው አንጥረኞች ለዓመታት ከአሮጌ የመኪና ባትሪ እርሳስ እያወጡ ለዓሣ መረብ ክብደት ይሠሩ ነበር። ማለትም ሥራው አጎቴ ከሚሠሩት የተለየ አይደለም። በኋላ የእርሳስ ዋጋ ሲወደድ ገዢዎች መጡ። ነዋሪው በባትሪ ፍርስራሽ የተሞላውን አፈር እየቆፈረ፣ እየነፋ፣ ወደ ቤቱም እየወሰደ እርሳሱን መለየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባለው ጊዜ ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። የሟቾቹ ወንድሞች፣ እህቶችና እናቶች ሲመረመሩ በደማቸው ውስጥ እጅግ ከፍተኛ እርሳስ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ የሞቱት አንጥረኞቹ ሳይሆኑ ሕፃናቱ ናቸው። ሁለተኛ፣ የገደላቸው የቀለጠው እርሳስ ፍንጣሪ ሳይሆን አቧራው ነው።

«ጓንት አለኝ»

ስለ እርሳስ ማቅለጥ የሚሰጥ ምክር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጓንትና ከመነጽር ነው። አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን የሚጠብቁት አቅላጩን ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ከቤተሰቡ እጀምራለሁ።

1ኛ፦ ቦታ። ከመኖሪያ ቤት፣ ከኩሽና፣ ከጓሮ አትክልትና ልጆች ከሚጫወቱበት ግቢ ውጪ፣ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። አቅላጩ ነፋሱን ከጀርባው ያድርግ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በአካባቢው መኖር የለባቸውም። ግቢ የጋራ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ አይቀለጥም።

2ኛ፦ ጥሬ ዕቃ። ባትሪ ፈልጦ እርሳስ ማውጣት ጨርሶ የቤት ሥራ አይደለም። ውስጡ ሰልፈሪክ አሲድና ዱቄት የሆነ የእርሳስ ውህድ አለ፤ ይህ ከደረቁ እርሳስ በጣም የባሰ ነው። አሮጌ ቀለም የተቀባ ወይም ምንነቱ የማይታወቅ ብረትም አይግባ። ከጋራዥ የሚገኘው የጎማ ባላንስ ሁሉም እርሳስ አይደለም፤ ዚንክና ብረት የሆነ አለ።

3ኛ፦ ዕቃ። ወፍራም የብረት ድስትና ማንኪያ ለዚህ ሥራ ብቻ ይለዩ፤ ወደ ኩሽና አይመለሱ። ስስ ጣሳ ግን አደጋ ነው። መገጣጠሚያው በስታኞ የተበየደ ከሆነ ስታኞው ከእርሳሱ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ጣሳው ይከፈታል። ሙቀቱ የሚስተካከል ምድጃ ከከሰል ይሻላል።

4ኛ፦ ውኃ። ይህ አቅላጩን ራሱን የሚገድል ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል። አንዲት ጠብታ በቀለጠው እርሳስ ስር ከገባች እርሳሱን ወደ ፊት ትረጨዋለች። ስለዚህ በዝናብ ቀን አይሠራም። እርሳሱ እሳት ከመነሳቱ በፊት ደረቅ ሆኖ በቀዝቃዛው ድስት ይግባ። በኋላ የሚጨመር ካለ አስቀድሞ ይሙቅ። ፎርማውና ማንኪያውም ይሙቁ፤ ቀዝቃዛ ብረት እርጥበት ይይዛል። እሳት ቢነሳ በቀለጠ እርሳስ ላይ ውኃ ማፍሰስ በፍጹም ክልክል ነው።

5ኛ፦ ልብስ። ፊትን የሚሸፍን መከላከያ ከነመነጽሩ፣ የቆዳ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ፣ የተዘጋ የቆዳ ጫማ። ናይለን ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። በነጠላ ጫማ መሥራትማ አይታሰብም። ፊት ላይ የሚታሰር ጨርቅ ረቂቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ለብናኝ የተሠራና ፊት ላይ በትክክል የሚገጥም ማጣሪያ ያስፈልጋል።

6ኛ፦ ከሥራ በኋላ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተገፈፈው ቅርፊት በሚከደን የብረት ዕቃ ይቀመጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ይቆለፍ፤ ከቆሻሻ ጋር አይጣል። ቦታው በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ልብሱና ጫማው ቤት ሳይገባ ይቀየር፣ ለብቻው ይታጠብ። እጅና ፊት በሳሙና ሳይታጠቡ ምግብ፣ ውኃ፣ ሲጋራ የለም። ልጅን ማቀፍም ከዚህ በኋላ ነው። አጥማጆች ትንንሹን እርሳስ ክሩ ላይ በጥርስ ነክሰው ያጠብቃሉ፤ ይህም ይቅር፣ ፒንሳ አለ።

«ወተት እጠጣለሁ»

ይህ እምነት በጋራዥም፣ በቀለም ቤትም፣ በብየዳ ቤትም አለ። ወተት እርሳስን ከሰውነት አያጥብም። ሳንባ የገባውን ብናኝ ደግሞ ጨርሶ አያገኘውም። እውነት የሆነው ክፍል ትንሽ ናት። ካልሲየምና አይረን በበቂ የሚያገኝ ሰው ከሆዱ ወደ ደሙ የሚገባው እርሳስ ይቀንሳል። ስለዚህ ለልጆች ጥሩ ምግብ መስጠት ይጠቅማል እንጂ ወተት ጠጥቶ እርሳስ ውስጥ መግባት ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሰው የተጠበቀ ሲመስለው ሌላውን ጥንቃቄ ይተዋል።

ሌላ መንገድ የለም ወይ?

አለ። መንጠቆን ወይም መረብን ለማስጠም ድንጋይ፣ የተጠበሰ ሸክላ፣ የብረት ዳዶ፣ የፌሮ ቁራጭ ይሠራሉ። ከእርሳስ ይቀላሉ፣ ስለዚህ መጠናቸው ከፍ ማለት አለበት፤ ግን ማቅለጥ አያስፈልጋቸውም። የግድ ቅርጽ ላለው ነገር ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከእርሳስ ጋር ሲነጻጸርም መርዛማነቱ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ችግሩ ዋጋው ነው። በብሪታንያ ስዋን የተባሉ የውኃ ወፎች ከሐይቅ ስር የወደቀ እርሳስ እየዋጡ ስለሞቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ትንንሽ የማጥመጃ እርሳስ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በዓለም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠው በአልጄሪያ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2021 ቆሟል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚቆጣጠር ደንብ ወጥቷል። ከቤንዚንና ከቀለም የወጣውን እርሳስ በጣሳ ቀልጠን ወደ ግቢያችን የምንመልሰው ለምንድን ነው?

ማጠቃለያ

ይህን ጽሑፍ ስጀምር «እርሳስን ቤት ውስጥ በጥንቃቄ እንዴት ማቅለጥ ይቻላል» ብዬ ልጽፍ ነበር። ስጨርስ ግን ጥንቃቄው የሚለካው በአቅላጩ ጓንት ሳይሆን በቤቱ ትንሽ ልጅ እንደሆነ ተረዳሁ። እኛም ነገ ዘጋቢ ስንሆን «ጥንቃቄ ተደርጓል» የሚል ሰው ሲገጥመን «ለማን?» ብለን መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል።

አጎቴን በአንድ ቀን አላሳመንኳቸውም። የዳካሩን ታሪክ ስነግራቸው ግን ዝም አሉ። በማግስቱ ከምድጃው ስር ያለውን አፈር ዝቅ አድርገው ቆፍረው በጆንያ አሠሩት፤ የት እንደሚጣል ግን ሁለታችንም አላወቅንም፣ አሁንም ጥግ ላይ ተከድኖ ተቀምጧል። አሁን የሚያጠምዱት በብረት ዳዶ ነው። «ክሩን ያውከዋል» እያሉ ያማርራሉ፣ ግን አልተዉትም። የልጅቷ ደም ተወስዶ ለምርመራ ተልኳል። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ውጤቱ አልመጣም።