በውሃ ዕቃ ውስጥ የሚያብሩ ረቂቅ ተሐዋስያን



በጫግኒና በአካባቢዋ ቤት ለቤት ስናስተምር፣ «በውሃው ላይ መድኃኒት እየጨመርን ልጆቻችንን ተቅማጥ አልለቀቃቸውም፤ ታዲያ መድኃኒቱ ምን ይሠራል?» የሚሉ እናቶች ያጋጥሙናል። አንዱ ምክንያት ያለው በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። ጣታችሁን በጀሪካኑ አፍ አስገብታችሁ ውስጡን ዳብሱት። ካሙለጨለጨ ያ ተራ እድፍ አይደለም፤ የተሐዋስያን መንደር ነው።

ባክቴሪያ የሚባሉት ረቂቅ ተሐዋስያን ለየብቻ በውሃ ሲንሳፈፉ ደካሞች ናቸው፤ ክሎሪን ቶሎ ይገድላቸዋል። ግድግዳ ላይ ሲያርፉ ግን ሙጫ የመሰለ ነገር ያወጣሉ። በእርሱ ተጣብቀው፣ ተሸፍነው ይራባሉ። ለተቅማጥ ተሐዋስያንም መጠለያ ይሆናል። መድኃኒቱ ከላይ ያሉትን ሲገድል ኃይሉ ያልቃል፤ ከሥር ያሉት ይተርፋሉ። ከዚያም እየተገነጠሉ አዲስ የተቀዳውን ውሃ ያበላሻሉ።

ነገሩ ከታየ ቆይቷል። ሌወንሁክ የተባለ የሆላንድ ሰው በ1683 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የጥርሱን እድፍ በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፣ ኮምጣጤ የገደለው ከላይ ያሉትን ብቻ መሆኑን ጽፏል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. በየሳምንቱ ጀሪካኑን ባዶ አድርጉ። ሳሙና፣ ጥቂት ውሃና የታጠበ ጠጠር ጨምራችሁ ወተት እንደምትንጡ ናጡት። ጋን በግራዋ እንደምታሹ ሁሉ እንስራውንም ውስጡን እሹት።

2ኛ. ሙልጭልጩ ሲለቅ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ ክዳኑንም አትርሱ።

3ኛ. ከዚህ በኋላ ውሃ ቅዱ። መድኃኒቱን በመያዣው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ቆዩ።

4ኛ. ውሃውን አንቆርቁሩ እንጂ ኩባያ አትንከሩበት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ተሐዋስያኑም የሚበረቱት በማበራቸው ነው። ለክፉ ያበረውን የሚያሸንፈው ለደግ ያበረ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲሰበሰብ የምናየው ግርማ የአንድ ፈረሰኛ አይደለም፤ የኅብረት ነው። ለጤናም እንዲሁ እንሁን። የአንዷ ልጅ በሌላዋ ቤት ይጠጣልና አንዷ ብቻ ብታጥብ አይበቃም። ስለዚህ ቡና ስትጠሩ ከጎረቤት ጋራ ተመካክራችሁ የዕቃ ማጠቢያ ቀን ቁረጡ። አባት ጀሪካኑን ይናጥ፤ ልጆች ጠጠር ይጠቡ፤ እናት ብቻዋን አትድከም።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ላላነበበው ያሰማ።