ብርድ ሲበረታ ማንደጃ ይዞ መተኛት፦ ከሀና ማርያም እስከ አሜሪካ የበረዶ ማዕበል

 

ሰሞኑን እዚሁ ሀና ማርያም የሚኖሩ አንዲት እናት የደም ግፊታቸውን ሊለኩ መጡ። ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ አገኘሁት። "ምን ሆነው ነው እናቴ?" ስላቸው "ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም" አሉኝ። ልጃቸው አሜሪካ ነው ያለው። የበረዶ ማዕበል መጥቶ መብራት ጠፍቷል፣ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። "ሥጋ የሚጠብስበት ከሰል አለው። ትንሽ ፍም አድርገህ ልጆቹ ክፍል አስገባላቸው አልኩት። አጠፋሁ እንዴ ዶክተርዬ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ። እዚያው ስልክ አስደወልኳቸው። ደግነቱ ልጁ ከሰሉን ገና አላቀጣጠለውም ነበር።

ለእሳቸው ያስረዳሁትን ዛሬ ለእናንተም ልጽፈው አሰብኩ። የእሳቸው ምክር የብዙዎቻችን እናቶች ምክር ነው። አደጋው ደግሞ ባሕር ማዶ ብቻ ያለ አይደለም። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር የሌሊቱ ብርድ ሲጠና በሀና ማርያም፣ በለቡ፣ በጀሞና በላፍቶ የአንድ ክፍል ኪራይ ቤቶች ውስጥም ያው ማንደጃ አለ፤ ያው የተዘጋ በር አለ።

የበረዶ ማዕበል ሲመጣ ምን ይሆናል?

እኛ በረዶ የምንለው ክረምት ላይ ቆርቆሮውን ለጥቂት ደቂቃ ደብድቦ የሚያልፈውን ነው። የእነሱ የበረዶ ማዕበል ግን ቀንና ሌሊት እየጣለ፣ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር ዛፍ ይገነድሳል፣ የኤሌክትሪክ መስመር ይበጥሳል፣ መንገድ ይዘጋል። የብዙዎቹ ቤቶች ማሞቂያ ያለ መብራት አይሠራም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱም ይጠፋል። ያኔ ሰው ያገኘውን ያነዳል፤ የመጥበሻ ከሰል፣ ጄኔሬተር፣ ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና።

በየካቲት 2013 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2021) ቴክሳስን የመታውን ማዕበል ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ። ግዛቱ ያመነው የሟቾች ቁጥር 246 ነው። ከብርዱ ሌላ አንድ ትልቅ ገዳይ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ነበር። በዚያ ሳምንት ከ1,400 በላይ ሰዎች በዚሁ ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደዋል። ሂዩስተን ከተማ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና ሕፃን ልጇ ሕይወታቸው አልፏል። መኪናው ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ ተነስቶ ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚያ በፊትም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2006) ሲያትልና አካባቢዋን ከባድ ነፋስ መትቶ መብራት ለቀናት ሲጠፋ በካርቦን ሞኖክሳይድ ከተጎዱት ብዙዎቹ ስደተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። በአገራቸው የለመዱትን ከሰል ቤት ውስጥ አነደዱ። የከተማዋ ትልቁ ጋዜጣ በፊት ገጹ ላይ በተለያዩ ቋንቋዎች "ቤት ውስጥ ከሰል አታንዱ" ብሎ እስከማተም ደርሶ ነበር። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። የማያውቁትን ብርድ በሚያውቁት ነገር ሊከላከሉ ነው የሞከሩት።

ከሰሉ እንዴት ነው የሚገድለው?

ማንኛውም እሳት በቂ አየር ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይን አያቃጥልም፣ አያስልም። "መጥቷል" የሚል ምንም ምልክት አይሰጣችሁም።

ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልስ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። በታክሲ እንመስለው። ኦክስጅን ከሳንባ ይሳፈራል፤ አንጎልና ልብ ጋ ሲደርስ "ወራጅ" ብሎ ይወርዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ወንበሩን ይይዛል። ቶሎ ወራጅ አይልም። ታክሲው ሞልቶ ይዞራል፣ ኦክስጅን ፌርማታ ላይ ይቀራል። አንጎል ኦክስጅን ሲያጣ ሰውየው ይደክመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ተነስቶ በር የሚከፍልበት አቅም የለውም። የተኛ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

በተለይ የሚጎዱት ነፍሰ ጡሮች ከነፅንሳቸው፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ናቸው።

ደጋግሜ የምሰማቸው አራት የተሳሳቱ ሐሳቦች

1. "ጭሱን ጨርሶ ፍም ሆኗል፣ ችግር የለውም።" ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሚታየው ጭስ ሌላ፣ ገዳዩ ጋዝ ሌላ። ቀልቶ የሚያምረው ፍም፣ አመድ የለበሰው ረመጥ እንኳ ጋዙን ያወጣል።

2. "መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጌዋለሁ።" ገርበብ ያለ መስኮት ማንደጃ ላለበት መኝታ ክፍል ዋስትና አይሆንም። የጋራዥ በር ከፍቶ መኪና ማስነሳትም እንደዚያው ነው።

3. "ወተት ይጠጣ፣ ሎሚ ያሽትት።" ወተት ከደም ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አያወጣም። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ የሚጠጣ ነገር መስጠት ወደ ሳንባው ሊገባና ሊያንቀው ይችላል። መድኃኒቱ ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው።

4. "ጣቴ ላይ በሚደረገው መለኪያ ኦክስጅኔ 98 ነው።" ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ሰው ይህንን መለኪያ ገዝቷል። ተራው መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው አይለይም። ሰውየው ተመርዞ እያለ ቁጥሩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። አትመኑት።

ምልክቶቹ

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የጉልበት መክዳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም ራስን መሳት። ብዙ ሰው "ጉንፋን ነው"፣ "ምች ነው"፣ "የበላሁት ነው"፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ "ዱካክ ተጫነኝ" ብሎ ያልፈዋል።

ታዲያ በምን እንለየው? ሦስት ነገር ጠይቁ፦
- ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው ወይ ያመማቸው?
- ከቤት ወጣ ሲሉ ይሻላቸዋል፣ ሲመለሱ ይብስባቸዋል ወይ?
- ከሰል፣ ጄኔሬተር፣ የጋዝ ምድጃ ወይም የተነሳ መኪና በአቅራቢያው አለ ወይ?

አንዱ እንኳ "አዎ" ከሆነ ጠርጥሩ፤ ቶሎ ውጡ።

ሰው ተመርዞ ብታገኙ

- በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። ግን እዚያ ቆማችሁ አትንከባከቡት፤ እናንተም ትወድቃላችሁ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በፍጥነት ጎትታችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ብቻችሁን ከሆናችሁ መጀመሪያ ጎረቤት ጥሩ።
- አዲስ አበባ ውስጥ 939 (እሳትና አደጋ) ወይም 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) ደውሉ። አሜሪካ ላላችሁ 911።
- ራሱን ከሳተና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ካልተነፈሰና የሠለጠነ ሰው ካለ ልብና ሳንባን የማነቃቃት እርዳታ ይጀመር።
- "ተሽሎኛል" ቢልም ሐኪም ቤት ውሰዱት። ተራ አየር እየተነፈሰ ጋዙ ከደሙ በግማሽ እንኳ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ አንድ ሰዓት ከምናምን ይወርዳል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት፣ የጠባይ ለውጥና የአካሄድ ችግር ሊመጣበት ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል።
- ሐኪሙን "ከሰል ነበር" ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። እፍረት የለውም። ካልነገራችሁን ሌላ በሽታ ስንፈልግ ጊዜ ይሄድብናል።

እዚህ ላለነው

ከሰል ተውት ብል የሚሆን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብዙ ቤት ወጡም ቡናውም የሚወጣው በእሱ ነው። ስለዚህ፦
- የሚቻል ከሆነ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ አቀጣጥሉ፣ እዚያው አብስሉ። ቤት ውስጥ ግድ ከሆነ በርና መስኮት ሙሉ በሙሉ ይከፈት።
- ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው ወደ መኝታ አይሂድ፤ ወደ ውጭ ይውጣ። ከመተኛታችሁ በፊት የት እንዳለ በዓይናችሁ እዩ።
- አራስ ቤት ልዩ ትኩረት ይሻል። በር ዘግቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ አራሷንና ጨቅላውን በከሰል ማሞቅ ለሁለቱም አደገኛ ነው። ሕፃኑን ኮፍያና ካልሲ አድርጋችሁ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኙት፣ ከላይ ጋቢ ደርቡበት። ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ የለም።
- በጥበቃ ክፍል የምታድሩ ወንድሞች፣ ጠባቧ ክፍል ቶሎ ትሞቃለች፤ ጋዙም ቶሎ ይሞላታል። እሳቱ ውጭ ይሁን።
- ለብርድ፦ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደራርቦ መልበስ፣ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ማስገባት።

ውጭ ላላችሁ

- በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መኝታ ቤታችሁ አጠገብ ይኑር። ባትሪውን ማዕበሉ ሳይመጣ ፈትሹት።
- ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ከበርና ከመስኮት ዞሮ። ጋራዥ ውስጥ በፍጹም።
- መኪና ውስጥ ለመሞቅ ከፈለጋችሁ ወደ ውጭ አውጡት፤ የጭስ ማውጫውን በረዶ እንዳልደፈነው ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት እዩ፣ ደጋግማችሁም ጥረጉ።
- መብራት ከጠፋ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ክፍል ይሰብሰብ። በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ በፎጣ ድፈኑት፤ ይህ ግን ክፍሉ ውስጥ ምንም እሳት ከሌለ ብቻ ነው።
- በአካባቢያችሁ የተከፈተ የሙቀት መጠለያ ካለ ሂዱ። "ሰው ምን ይለኛል" አትበሉ።

እናትየው በማግስቱ ደወሉልኝ። ልጃቸው ሁለቱን ልጆች መሀል አድርጎ፣ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ደርቦ አንድ ክፍል ውስጥ አድረዋል። በርዷቸዋል፣ ግን ደህና ናቸው። "ከአሁን በኋላ እኔም ማንደጃዬን ውጭ ነው የማሳድረው" አሉኝ።

ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ ለአንድ ሰው አንብቡለት፤ በተለይ ስልክ ለሌላቸው እናቶችና ለአከራይ ለተከራዮቻችሁ። ውጭ ዘመድ ያላችሁም ላኩላቸው።

ጤናችሁ ይብዛ!