ለየቲም ልጃችን የነርስነት ትምህርት ቤት ስንመርጥ



ውድ አንባቢያን፦ ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት አካባቢ የምትኖር አንዲት የቲም 12ኛ ክፍልን አጠናቃ ነርስ ለመሆን ተመኘች። እናቷ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ ስለነበሩ፣ አንድ ደግ ወንድማችን የአንድ ዓመት ክፍያዋን ሊሸፍኑላት ቃል ገቡ። ኮሌጁን የመረጥንላት እኛ ነበርን። ሕንጻው ያምራል፤ ለቤቷም ቅርብ ነው። ከዚህ ያለፈ ነገር አልጠየቅንም። ዓመቱ ሲያልቅ ኮሌጁ እውቅና ያገኘው ለሌሎች የትምህርት ዘርፎች እንጂ ለነርሲንግ አለመሆኑ ታወቀ። ገንዘቡም ዓመቱም ባከነ። ልጅቷ ያን ዕለት «አባት ቢኖረኝ ኖሮ ሄዶ ይጠይቅልኝ ነበር» ያለችው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ ነበር። የየቲም ገንዘብ አማና ነው፤ ዕድሜዋም እንዲሁ አማና ነው። ስለሆነም ሌሎች ቤተሰቦችና ለጋሾች ከእኛ ስህተት ይማሩ ዘንድ ይህን ትምህርት አቅርበናል።

መንገዶቹ

በሀገራችን ዘመናዊ የነርስነት ትምህርት በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተጀመረ ሲሆን፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከጤና መኮንኖች ጎን ለጎን የኅብረተሰብ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዶቹ ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል። በ10+3 ዘመን የ10ኛ ክፍል ውጤት ይዞ በሦስት ዓመት የዲፕሎማ ነርስ መሆን ይቻል ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለቀረ፣ ታላላቆቻቸው ያለፉበትን መንገድ ለዛሬዎቹ ልጆች መምከር ያሳስታቸዋል። ዛሬ በዋናነት ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሆን አራት ዓመት ይፈጃል። በመንግሥት ተመድባ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ክፍያውን በቅድሚያ አትጠየቅም፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ሥራ ከያዘች በኋላ ድርሻዋን ትከፍላለች። ለየቲም ልጅ ከዚህ የሚቀል በር የለም፤ ነገር ግን በሩ ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ደረሱ። በግል ኮሌጅም ቢሆን ለዲግሪ የተወሰነውን የመግቢያ መስፈርት ማሟላት ግድ ነው። እንግዲህ ለጋሾቻችን ልብ ይበሉ! ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለማጠናከሪያ ትምህርትና ለመጻሕፍት የሚሰጥ ትንሽ ገንዘብ፣ ኋላ ለኮሌጅ ከሚከፈለው ብዙ ገንዘብ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ በጤና ሳይንስ ኮሌጆች በደረጃ የሚሰጠው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ጊዜው ከዲግሪው ያጥራል፤ በፍጻሜውም ሲ.ኦ.ሲ. እየተባለ የሚጠራው የብቃት ምዘና አለ። ከሥራ በኋላ ትምህርቷን ወደ ዲግሪ ለማሳደግም ይቻላል። እናቷንና ታናናሾቿን ቶሎ መደገፍ ላለባት ልጅ ይህ ምርጫ የሚያሳፍር አይደለም። ሆኖም ከመመዝገቧ በፊት በአካባቢው ያሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየትኛው ደረጃ ያለ ነርስ እንደሚቀጥሩ ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

አራት ጥያቄዎች

1ኛ. ለዚህ ዘርፍ እውቅና አላችሁን? የእውቅና ፈቃድ ለትምህርት ዘርፉ፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ተለይቶ የሚሰጥና ጊዜው የተወሰነ ነው። አንድ ኮሌጅ ለፋርማሲ ፈቃድ ስላለው ለነርሲንግ አለው ማለት አይደለም፤ በአንድ ከተማ ስላለውም በሌላው አለው ማለት አይደለም። ፈቃዱን በዓይን ማየትና ቀኑን ማንበብ ያስፈልጋል። ከዚያም ለዲግሪ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ለደረጃ ሥልጠና ከሚመለከተው የክልል ወይም የከተማ ቢሮ ማረጋገጥ ይገባል።

2ኛ. ልምምዱ የት ነው? ደም ሥር መፈለግንና ቁስል ማጠብን ከጥቁር ሰሌዳ መማር አይቻልም። ተማሪዎች የሚለማመዱበት ሆስፒታል የትኛው ነው? ከሆስፒታሉ ጋር የጽሑፍ ስምምነት አለን? አንድ አስተማሪ በዋርድ ውስጥ ስንት ተማሪ ይዞ ይገባል? ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ ሊያጠራጥረን ይገባል።

3ኛ. ከተመራቂዎቻችሁ ስንቱ ፈተና አለፉ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። የጤና ሚኒስቴርም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና ይሰጣል። ዲግሪው ያለ ሙያ ፈቃድ ሥራ አያስይዝም። ስለዚህ የተመረቁትን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተፈተኑትንና ያለፉትን እንጠይቅ።

4ኛ. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የወር ክፍያው ብቻውን ወጪውን አያሳይም። ጋዋን፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ መጻሕፍት፣ ወደ ልምምድ ቦታ መጓጓዣና የምዘና ክፍያ አሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ከፍሎ በሁለተኛው ማቋረጥ ልጅቷን መንገድ ላይ መተው ስለሆነ፣ እስከ ፍጻሜው ያለው ሂሳብ ከወዲሁ ይሠራ። የዋርድ አለባበስ ደንቡ ሒጃብን እንዴት እንደሚያስተናግድም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ቤተሰብ የሚያነሳው ስጋት

አንዳንድ እናቶች «የሌሊት ተረኝነት ለሴት ልጅ እንዴት ይሆናል?» ይሉናል። ጥያቄያቸው ሊናቅ አይገባም፤ የመመለሻዋን መንገድና የማደሪያዋን ሁኔታ ማስተካከል የሁላችን ኃላፊነት ነው። ሙያው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ.) ቁስለኞችን ታስታምም ነበር፤ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በኸንደቅ ዘመቻ በቆሰሉ ጊዜ ወደ እርሷ ድንኳን እንደተወሰዱ በሲራ ይነገራል። እናቶቻችን ሲታመሙ የምታገላብጣቸውን ሴት ነርስ የምንፈልግ ከሆነ፣ የአንዳችን ልጅ ይህን ሙያ መማሯ ግድ ነው።

በሌላ በኩል ልጅቷ ሳትወድ ሌላው ስለወደደላት ብቻ አትግባ። ከመወሰኗ በፊት ከአንዲት ነርስ እህታችን ጋር ተቀምጣ ስለ ሥራው ክብደት ትስማ፤ ደግማም ታስብበት።

ወንድሞችና እህቶች፦ ያቺ ልጅ ኋላ በሌላ ኮሌጅ ከመጀመሪያው ጀምራ ተማረች፤ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ታገለግላለች። አልሐምዱሊላህ። የባከነውን ዓመት ግን ማንም አልመለሰላትም። ስለዚህ ገንዘብ የሰጠ ሰው ጉዳዩን ጨርሻለሁ አይበል፤ ግማሽ ቀን ይጨምርና ከልጁ ጋር ወደ ኮሌጁ ይሂድ። አባቱ በሕይወት ቢኖር የሚጠይቀውን ይጠይቅለት።

አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።