የዛገ የቤንዚን ሰልባትዮ እንዴት ይጸዳል?

እዚህ ካኩማ ውስጥና ወደ ካሎበዬ በሚወስደው መንገድ በሞተር ብስክሌት ሰው እያመላለሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው። ሞተሩ መንገድ ላይ እየተንተፋተፈ ሲጠፋ ካርቡሬተሩ ይፈታና ይጸዳል፤ በማግሥቱ ያው ችግር ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቶ በቀን ብርሃን ወደ ውስጥ ማየት ይበጃል፤ በክብሪት ወይም በሻማ ግን በፍጹም አይታይም። ቀይ ቡናማ ዱቄት ከታየ የችግሩ ምንጭ እዚያ ነው።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው። ውሃው ከየት መጣ? ሰልባትዮው ግማሽ ሆኖ ሲያድር በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና እርጥበቱ በግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ወርዶ ይተኛል። በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚንም ውሃ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር አጥብቀን እናስገነዝባለን። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው። የሚነደው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ትነቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 ያህል ሲሆን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ባዶ በሚመስለው ሰልባትዮ ውስጥ ይህ ድብልቅ በቀላሉ ይገኛል። በዚያ ላይ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ የጎረቤት ምድጃ ድረስ ይሄዳል። ቤቶቻችን ምን ያህል የተጠጋጉ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከከሰል ምድጃ፣ ከሲጋራና ከሕፃናት ርቆ ይሠራ። ቤንዚኑንም በአፍ ስቦ ማውጣት አይገባም፤ ወደ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ ሳይገደድ ቶሎ ወደ ሕክምና ይወሰድ።

በመጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀልና ሰልባትዮው ይፈታል። ቤንዚኑ ክዳን ባለው ጀሪካን ይገለበጣል። የቤንዚን መዝጊያው ከወጣ በኋላ ቀዳዳው በጎማ ቁራጭ ይደፈናል። ከዚያም የቤንዚኑ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ በሳሙና ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። የታጠበበት ውሃ ቧንቧ አጠገብ ወይም ጓሮ አትክልት ላይ አይደፋ።

ቀጥሎ ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ኮምጣጤ ይጨመራል። ሰልባትዮውን መሙላት ገንዘብ ይጠይቃል፤ 3 ሊትር ያህል ጨምሮ በየጥቂት ሰዓቱ ጎኑን እያገላበጡ ማስቀመጥም ይሠራል፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ወፍራም ዝገት ካለ ንጹሕ ዳዶዎች ተጨምረው ከኮምጣጤው ጋር ይናጣሉ። ስንት እንደገቡ ይቆጠር፤ ሲወጡም እንደገና ይቆጠር። ኮምጣጤው ከብረቱ ጋር ሲሠራ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ሰልባትዮው በሚቀመጥበት ጊዜ ክዳኑ ላላ ይበል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል።

አንዳንዶች ሥራውን ለማፋጠን የባትሪ አሲድ ይጨምራሉ። ይህ ደኅናውን ብረት ይበላል፤ ዓይንንም ያጠፋል። ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር መቀላቀልም መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ክልክል ነው።

ኮምጣጤው ከተደፋ በኋላ 4 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ማለቅለቅ የቀረውን አሲድ ያረክሰዋል። ከዚያም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ሰልባትዮው በውሃ ይሞላና ይታያል፤ ዝገቱ ራሱ ደፍኖት የነበረ ቀዳዳ ካለ አሁን ያንጠባጥባል።

የማያንጠባጥብ ከሆነ ቶሎ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የተራቆተ እርጥብ ብረት በጥቂት ሰዓት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። የቱርካና ፀሐይና ነፋስ ለዚህ ይበቃሉ፤ ምድጃ ላይ ግን አይደረቅም። ሲደርቅ ጥቂት የሞተር ዘይት በቤንዚን ተበጥብጦ ግድግዳው ሁሉ እስኪዳረስ ይናጣና ይገለበጣል። ሰልባትዮው ሲገጠም አዲስ የቤንዚን ማጣሪያ ይግባለት፤ ከዚያ በኋላም ማታ ማታ ሞልቶ ቢያድር ጤዛው ይቀንሳል።

የሚያንጠባጥብ ሆኖ ከተገኘ ወደ በያጅ አይወሰድ። ታጥቦም ቢሆን በብረቱ ስንጥቅ የተደበቀ ቤንዚን ሲሞቅ ተንኖ ሊፈነዳ ይችላል። ትንሽ ቀዳዳ ቤንዚን በሚችል የብረት ማጣበቂያ ይደፈናል፤ ቀዳዳው ከበዛ ግን ያገለገለ ሌላ ሰልባትዮ መፈለግ ነው።