አዲሲቱን ዶሮ ከቤት ስለ ማላመድና ሕፃናትን ከበሽታ ስለ መጠበቅ

በየአገሩ ያለ ሰው ወፍን ከቤቱ ያላምዳል። በሩቅ አገር ብዙ ሰዎች በቀቀን ገዝተው፥ በሽቦ ቤት አኑረው፥ የሰው ቃል እያስተማሩ ያኖሯታል። በእኛም ባሌ በሐረና ደን ውስጥ ፊቷ ቢጫ የሆነች በቀቀን አለች። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝምና ልጆች ከጎጆዋ እንዳያወርዷት መምከር፥ እርስዋንም በዱሯ መተው ይገባል። በገሰራ ደጋ ግን ከገበያ ተገዝታ ወደ ቤታችን የምትገባው አዲስ ወፍ ዶሮ ናት። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን አዲስ ዶሮ ከቤት እንዴት እንደምትላመድ፥ ስትላመድም ለልጆቻችን በሽታ እንዳታመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያስረዳል።

የዶሮ ጥቅም ለሁላችሁም የታወቀ ነው። እንቁላሏ ልጅን ያሳድጋል፤ ቢሸጥም ጨው፥ ሳሙናና ደብተር ይገዛል። ነገር ግን አዲስ ዶሮ እንግዳ ናት። በገበያ ከየመንደሩ ከመጡ ዶሮዎች ጋር አንድ ላይ ታስራ ውላለች። የታመመች ዶሮ ደግሞ ሁልጊዜ የታመመች አትመስልም።

ወፍ ጤነኛ መስላ በሽታ ልታመጣ ትችላለች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 እና በ1930 ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ የተጫኑ በቀቀኖች በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወደ ብዙ ቤቶች ገቡ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ወፎቹን በገዙት ቤተ ሰቦች ላይ ብርቱ ትኩሳትና የሳንባ በሽታ ወረደ፤ የሞቱም ነበሩ። በሽታውን ያመጣው ከወፎቹ ኩስ ጋር የሚወጣ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነበር። ኩሱ ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፤ አቧራውም ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል።

ይህ በሽታ በዶሮ ላይ እንደ በቀቀን አይበዛም። የዶሮ ኩስ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ፥ በሰው ላይ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን ይገኙበታል። ዶሮይቱ አንዳች ሳይሰማት እየበላችና እየጠጣች ትኖራለች፤ ሕፃኑ ግን ኩሱን በእጁ ነክቶ እጁን ወደ አፉ ሲያስገባ ይታመማል። ነገሩ ይህ ነው።

1ኛ. ዶሮ ስትገዙ

ዓይኗ የጠራ፥ አፍንጫዋ የደረቀ፥ ትንፋሿ ድምፅ የሌለው መሆኑን ተመልከቱ። ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ በኩስ የተለጠፈ ከሆነ ተቅማጥ አለባት ማለት ነውና አትግዟት። ደረቷን በእጃችሁ ዳብሱ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ከወጣ ከስታለች። ክንፏንም ገልጣችሁ ቅንቅን እንዳለባት እዩ። ሻጩንም «ክትባት አግኝታለች ወይ? ምን ስትበላ ነው የኖረችው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወደ ቤት ስትወስዷት እግሯን አስራችሁ ቁልቁል አታንጠልጥሏት፤ መተንፈስ ይቸግራታል። አየር በሚገባበት ቅርጫት አድርጋችሁ ውሰዷት። ቅርጫቱም እህልና እንጀራ የሚያዝበት አይሁን።

2ኛ. የመጀመሪያው ቀን

መንገድ የመጣች ዶሮ ደክማለች፥ ፈርታማለች። በመጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ስጧት። ቀጥሎ ትበላው የነበረውን ዓይነት ምግብ፥ ገብስም ቢሆን ስንዴ፥ በጥቂቱ ስጧት። የሻገተ እህል ግን ለዶሮም አይሆንም። ልጆች ከበው አይያዟት፤ ውሻም አይቅረባት። ዕንቁላል ትጥል የነበረች ዶሮ ቦታ ስትለውጥ ለጥቂት ቀናት መጣሏን ልታቆም ትችላለችና «መካን ገዛሁ» ብላችሁ ለቢላ አትቸኩሉ።

3ኛ. 21 ቀን ለብቻዋ

ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ትእዛዝ ነው። አዲሲቱን ዶሮ ከነባሮቹ ጋር በዚያው ቀን አትቀላቅሉ። ከነባሮቹ ራቅ ባለ የጓሮ ጥግ በእንጨት አጥራችሁ፥ ላዩን ሸፍናችሁ፥ ለብቻዋ 21 ቀን አቆዩአት። ቁጥሩን ለማስታወስ አያስቸግርም፤ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ ጫጩት እስክትፈለፍል የምትቆይበት ቀን ያህል ነው።

ለምን ቢባል፥ ፈንግል የሚባለው የዶሮ መቅሠፍት በዶሮ ሰውነት ገብቶ እስኪታይ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 15 ቀን ይደበቃል። ዛሬ ደኅና የመሰለች ዶሮ በሳምንቷ ልትወድቅ ትችላለች። ለብቻዋ ከሆነች የምትጎዱት በአንዲት ዶሮ ነው፤ ከተቀላቀለች ግን ቆጡ ባዶ ይቀራል።

በነዚህ ቀናት በመጀመሪያ ለነባሮቹ፥ በመጨረሻ ለአዲሲቱ ምግብና ውሃ ስጡ። ከርስዋ ስትመለሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፥ ጫማችሁንም አጽዱ። የውሃ ዕቃዋም የብቻዋ ይሁን። ቅንቅን ካለባት ደረቅ አመድና ደቃቅ አፈር ቀላቅላችሁ አኑሩላት፤ ራሷ ተንከባላ ላባዋን ታጸዳለች። የቆጧንም እንጨት በፈላ ውሃ ቀቅሉት፤ ማታ ማታ ደም የሚመጥ ተባይ በእንጨቱ ስንጥቅ ይደበቃልና።

4ኛ. ከነባሮቹ ጋር ስትቀላቀል

ዶሮዎች መካከል አለቃና ምንዝር አለ። አዲስ መጥ ዶሮ ሲያዩ ይነክሷታል፥ ከምግብም ያባርሯታል። ስለዚህ 21ዱ ቀን ካለፈ በኋላ በአጥር ተለይተው ለ3 ወይም ለ4 ቀን እንዲተያዩ አድርጉ። ከዚያም ማታ ሲጨልም አዲሲቱን በቆጡ ላይ አስቀምጧት፤ ሲነጋ አብረው ይወርዳሉ። ምግቡንም በ2 ወይም በ3 ቦታ በትኑት፤ አንዷ ብትከለክላት ከሌላው ትበላለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጭ ስትለቋት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት፥ ገና ሳትበላ ይሁን። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ጠርታችሁ አብሏት። ርቃ አትሄድም፤ የሆድ ነገር ሆኖባት ትመለሳለች። በዚህ ዓይነት በጥቂት ቀን ቤቷን ትለያለች።

5ኛ. ማደሪያዋ ከሕፃኑ ማደሪያ ይለይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙ ሰው አዲስ ዶሮ ከገዛ በኋላ እንድትላመድ ብሎ ከመኝታው አጠገብ፥ ከመደቡ ሥር ያሳድራታል። ይህ ለሕፃን ጤና መልካም አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 የታተመ፥ በኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ ጥናት ያሳየው ነገር አለ። ዶሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ ዶሮው ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድርበት ግን የልጆቹ ቁመት አንሶ ታየ። እንግዲህ ዶሮ ማርባት መልካም ነው፤ አንድ ላይ ማደሩ ነው ክፉው።

እንዴት ሊሆን ይችላል ትሉ ይሆናል። በእንብርክክ የሚሄድ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ኩስ የነካ አፈር ደጋግሞ ሲውጥ በየጊዜው ተቅማጥ ይይዘዋል። ተቅማጥ ባይታይበትም አንጀቱ እየቆሰለ የበላውን ምግብ በደንብ ሳይጠቀምበት ይቀራል። እናቲቱ ዕንቁላል ታበላዋለች፤ ከወለሉ የወሰደው ቆሻሻ ደግሞ ጥቅሙን ያጠፋበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

«ታዲያ የደጋውን ብርድ እንዴት ትችላለች? ሸለምጥማጥስ ቢበላብኝ?» የምትል እናት አትጠፋም። ጥያቄው እውነት ነው። ነገር ግን ላባዋ የሞላ ዶሮ ደረቅ ብርድ ትችላለች፤ የሚጎዳት ነፋስና እርጥበት ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤

ሀ. ከቤታችሁ የውጭ ግድግዳ ጋር አያይዛችሁ ነፋስ በማይመታበት በኩል ትንሽ የዶሮ ቤት ሥሩ። በሩ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ መኝታ ቤት የሚገባ ቀዳዳ አይኑረው።

ለ. ወለሉን ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ርብራብ ሥሩት፤ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል፥ ዶሮይቱም ከእርጥበት ትድናለች።

ሐ. ግድግዳውን በጭቃ ምረጉ፤ ከጣራው ሥር ግን ጥቂት የአየር ማስገቢያ ተዉ። ጣራው ሣር ቢሆን ይሞቃል።

መ. ለአንዲት ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የቆጥ እንጨት ይበቃታል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቤት 4 ወይም 5 ዶሮ ይይዛል።

ሠ. በሩን ማታ ማታ በመወርወሪያ ዝጉ። ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይገባልና ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑ።

ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው እንጨት፥ ጭቃና የሁለት ቀን ጉልበት ነው። አባወራውም እጁን ያስገባ፤ ዶሮው የእናት ነው ብሎ ዳር መቆም አይገባውም።

6ኛ. የየቀኑ ንጽሕና

ኩሱን በየቀኑ ጥረጉ። ደረቅ ኩስ ስትጠርጉ በመጀመሪያ ውሃ ርጩበት፤ አፍና አፍንጫችሁንም በጨርቅ ሸፍኑ፤ አቧራው እንዳይነሣ ነው። ሕፃን በዚያ አይቅረብ። የተጠረገው ኩስ በጉድጓድ ቢከማች ከወራት በኋላ ለጓሮ ጎመን ፍግ ይሆናል።

ሕፃኑ በሚጫወትበት ጊዜ የታጠበ ሰሌን አንጥፉለት፤ ዶሮ እንዳይረግጠው ታላላቆቹ ይጠብቁ። ዶሮ፥ ዕንቁላል ወይም ኩስ ከነካችሁ በኋላ፥ ከማጥባት በፊት፥ ምግብ ከመሥራትና ልጅን ከማብላት በፊት እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከታጣ በአመድ ታጠቡ። የመጠጥ ውሃ እንስራና ጀሪካን ሁልጊዜ ይከደን፤ ዶሮ አፏን አታግባበት። ዕንቁላሉንም አስኳሉ እስኪጠና ቀቅሉ እንጂ ለጋውን ለልጅ አትስጡ። ልጅ 6 ወር ሲሞላው የተቀቀለ ዕንቁላል አልማችሁ ከጡት ጋር ልትሰጡት ትችላላችሁ።

7ኛ. ፈንግል ሲገባ

ዶሮ ክንፏን ጥላ፥ አፏን ከፍታ ብትተነፍስ፥ አረንጓዴ ተቅማጥ ቢይዛት፥ አንገቷ ቢጣመም ፈንግል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በሽታው ከያዛት መድኃኒት የለውም፤ የሚረዳው አስቀድሞ መከተብ ነው። ክትባቱን ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይሠራዋል። በዓይን የሚንጠባጠብ አለ፥ በመጠጥ ውሃ የሚሰጥም አለ። በውሃ ሲሰጥ ውሃው ክሎሪን ያለበት እንዳይሆን፤ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። መቼና ስንት ጊዜ እንደሚደገም የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይበልጥ ይጠቅማል።

የታመመችን ዶሮ ሳትሞት ልሽጣት ብሎ ገበያ መውሰድ በሽታውን ለሰው ቤት መሸጥ ነው። የሞተችውንም አትብሉ፥ ለውሻም አትጣሉ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሯት።

8ኛ. ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው

ጡት አታቋርጡ፤ እንዲያውም ደጋግማችሁ አጥቡ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ተቀበሉ። አንዱን የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት ጥቂት አጠጡት፤ ያደረውን አፍስሱ። ዓይኑ ከጎደጎደ፥ መጠጣት ካቃተው፥ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለው ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለመከለስ የሚረዱ ጥያቄዎች

የሚያነብ ልጅ ካለ ለእናቱና ለጎረቤቶች ያንብብላቸው፤ እነርሱም ይመልሱ።

ሀ. አዲስ ዶሮ ስንት ቀን ለብቻዋ ትቆያለች? ለምን?

ለ. ዶሮን ከነባሮቹ ጋር ለመቀላቀል ቀን ይሻላል ወይስ ማታ?

ሐ. ደረቅ ኩስ ከመጥረግ በፊት ምን ይደረጋል?

መ. በእናንተ ቤት ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ የሚያድሩት የት ነው? ሕፃኑስ?

የመጨረሻውን ጥያቄ «አንድ ላይ ነው» ብላችሁ የመለሳችሁ ቤተ ሰቦች የዶሮውን ቤት በዚህ ሳምንት ጀምሩት።