ለስኪዞፍሬኒያ የማስታወስ ችግር የሚደረግ የመድኃኒት ፍተሻ በአይጦች፦ ምን ይለካል?

ጉለሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የባህል መድኃኒቶች በእንስሳት ይፈተሹ ነበር። የወባ መድኃኒት ሲፈተሽ በአይጧ ደም ውስጥ ያለው ተውሳክ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል፤ ትውስታ ግን ከባሕርይ ብቻ ይገመታል። በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ላይ ትምህርትንና ሥራን የሚያሰናክለውን የማስታወስ ችግር ለማከም የሚደረገውን ፍተሻ አዳጋች ያደረገው ይኸው ነው።

በተለመደው ዘዴ ኤምኬ-801 የተባለ ውሕድ ለአይጧ ተሰጥቶ በአንጎሏ ያሉ የግሉታሜት ተቀባዮች ይታገዳሉ። ከዚያም ሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎች ይቀርቡላታል፤ ከቆይታ በኋላ አንዱ በአዲስ ይተካል። ትውስታዋ ያልታወከ አይጥ አዲሱን አብልጣ ታሸታለች፤ የታወከባት ግን ሁለቱን እኩል ታሸታለች። እጩው መድኃኒት ይህን ልዩነት ከመለሰ ተስፋ ይጣልበታል። ሆኖም መድኃኒት ያደነዘዛት አይጥም ልዩነት ላታሳይ ስለምትችል፣ እንቅስቃሴዋና ጠቅላላ የአሰሳ ጊዜዋ አብረው ሊለኩ ይገባል።

ይህ ቢሟላም ውጤቱ ለሰው ዋስትና አይሆንም። አይክለፐርቲን የተባለው መድኃኒት የአይጦችን ትውስታ ቢያሻሽልም፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ በሆነው የሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ለሕሙማን የታሰበውን ለውጥ አላስገኘም። የአይጧ መታወክ የአንድ መርፌ ውጤት ሲሆን የሕሙማኑ ግን በዓመታት የተደራረበ ነው። ስለዚህ የአይጥ ፍተሻ እጩዎችን ይለያል እንጂ ፈዋሽነትን አያረጋግጥም።