የዓይን ዕጢ በሙቀት ሲታከም፦ ዓይን ምን ያህል ሙቀት ይችላል?

ለአንድ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ አባላት ስለ ሕፃናት ጤና ትምህርት በሰጠንበት ዕለት አንድ አባት ካህን፣ “በዓይኑ ውስጥ ዕጢ ለወጣበት ሕፃን ሐኪሞች በሙቀት እናክመው አሉ፤ ወላጆቹ ግን ዓይኑን ያቃጥሉታል ብለው ፈሩ። ምን እንበላቸው?” ሲሉ ጠየቁን። ፍርሃቱ ከንቱ ስላልሆነ መልሱን ሰፋ አድርገን እናቀርባለን።

ሬቲኖብላስቶማ የተባለው ካንሰር ብርሃንን በሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ስስ ሽፋን፣ ማለትም በሬቲና ላይ ይበቅላል፤ በአብዛኛው የሚይዘውም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ነው። ዕጢው ትንሽ ሳለ ከሚታከምባቸው መንገዶች አንዱ ሙቀት ነው። ሕፃኑ በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ብሌኑ በጠብታ ከሰፋ በኋላ፣ ለዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር በብሌኑ አልፎ በዕጢው ላይ ያርፋል።

የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከ42 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ከቆየ ሕዋሳትን ይጎዳል፤ ከ60 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ የእንቁላል ነጩ ክፍል በመጥበሻ ላይ እንደሚረጋ የሕዋሱ ፕሮቲን ፈጥኖ ይረጋል። ሕክምናው የሚሠራው በሁለቱ መካከል ነው። ዲግሪው ግን ብቻውን አይበቃም፤ የቆይታውም ጊዜ ይቆጠራል። ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ስሌት፣ ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ለተመሳሳይ ጉዳት የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ያጥራል፤ በ43 ዲግሪ 60 ደቂቃ የሚፈጀው በ45 ዲግሪ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ስለዚህ ሐኪሙ የጨረሩን ኃይል በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ፣ ዕጢው ቀስ ብሎ ወደ አመድማ ቀለም ሲለወጥ እያየ ይሠራል።

የዓይን ክፍሎች ሙቀትን የመቻል ዐቅማቸው እኩል አይደለም። ከሬቲና ሥር ያለው ኮሮይድ በደም ሥሮች የተሞላ በመሆኑ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ተሸክሞ ይወስደዋል። ሌንስ ግን የደም ሥር ስለሌለው የገባበትን ሙቀት ፈጥኖ አያስወጣም፤ በቀደመው ዘመን በምድጃ ፊት ብርጭቆ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በዓይን ሞራ ይያዙ የነበረውም ከሙቀቱ የተነሣ ነው። በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል ደግሞ በጠቆረ መጠን ጨረርን ይበልጥ ይስባል። ብሌኑ በሚገባ እንዲሰፋና ጨረሩ ጠርዙን እንዳይነካ የሚደረገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለወላጆቹ የሚነገረው እውነቱ ነው። የታከመችው ቦታ ትቃጠላለች፤ ጠባሳም ይቀራል፤ በዚያች ነጥብ ላይ ያለው ሬቲና ከእንግዲህ አያይም። ዕጢው ከማዕከላዊው የእይታ ስፍራ ርቆ ከሆነ ሕፃኑ ጉዳቱን እምብዛም አያስተውለውም፤ በማዕከሉ ላይ ከሆነ ግን ሐኪሙ ሌላ መንገድ ሊመርጥ ይችላል።

ወላጆችን ይበልጥ ሊያስፈራ የሚገባው መዘግየቱ ነው። ሙቀት ብቻውን የሚበቃው የመሠረቱ ስፋት እስከ 3 ሚሊ ሜትር ለሚደርስ ዕጢ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲያድግ ኬሞቴራፒ ያስፈልጋል፤ እጅግ ከገፋም ሕይወትን ለማትረፍ ዓይኑን ማውጣት ግድ ይሆናል። ጠበል የሚጠመቅ ሕፃንም ሐኪም ዘንድ የሚሄድበትን ቀን ሊያሳልፍ አይገባውም።

በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነጸብራቅ የሚታይበት፣ በፎቶግራፍ አንዱ ዓይኑ ቀይ ሌላው ነጭ ሆኖ የሚወጣ፣ ወይም ዓይኑ የተንሸዋረረ ሕፃን በአጥቢያችሁ ካለ፣ ኮሚቴው ለቤተሰቡ የጉዞ ወጪ አፈላልጎ በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይላከው።